ሳይቀመስ የተሠራ እራት

ወሬው የደረሰኝ ጀሞ፣ ጉሊት አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። የደወለችው እናቴ ናት። ቀን ላይ ደውላልኝ ስለማታውቅ ስልኩን ሳነሳ ክው አልኩ። «የጤና ነው፣ አትደንግጪ» ብላ ጀመረች። እናቴ «የጤና ነው» ብላ የምትጀምረው ወሬ መጨረሻው ምን እንደሆነ ስለማውቅ መደንገጤን አልተውኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የአገራችን ሰው ለሕክምና አዲስ አበባ መጥቶ፣ ሀና ማርያም ቅዳሴ ላይ አይቶኝ ኖሯል። እኔ አላየሁትም። ጎባ እንደተመለሰ አባቴ ሱቅ ድረስ ሄዶ፣ «ልጅህን አየኋት፤ ክር ሆናለች። ነጠላዋ ከብዷት ነው እንጂ ነፋስ ይወስዳት ነበር» ብሎ ነገረው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። የሰውን ወርድና ቁመት በዓይኑ ለክቶ የሚያድር ሰው፣ ክር መሆን ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ያን ቀን የስፌት መኪናውን ሸፍኖ በጊዜ ቤት ገባ አለችኝ።

«በሚመጣው ሐሙስ እዚያ ነው» አለች እናቴ። «እራት ካንቺ ጋር ይበላል። ‹የምትበላውን አያለሁ፤ ምግብ ከሆነ ትቆያለች፣ ካልሆነ ልብሷን ሸክፈን አብረን እንመለሳለን› ነው የሚለው። እኔ ምን ላድርግ?»

እኔም ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። የምማረው የላቦራቶሪ ትምህርት አገሬ የለም። መመለስ ማለት ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርኩትን ትቼ ሌላ ነገር መጀመር ነው፤ ወይም ምንም አለመጀመር። ስልኩን ዘግቼ እዚያው ተቀመጥኩ።

ጉሊቷን የምትሸጠው፣ እኛ እትዬ የምንላት ሴት፣ ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። አባቴ ሊመጣ እንደሆነ ነገርኳት።

«አባት ሲመጣ ይለቀሳል እንዴ?»

«እራት ሊበላ ነው፣ እትዬ።»

እጄ ላይ የያዝኩትን ሽንኩርት አየት አደረገች። «እንግዲህ ይሄስ ያስለቅሳል» አለችና አንድ በአንድ ከእጄ ወሰደቻቸው። «የበቀሉ ናቸው። ሽንኩርት ሲመረጥ አናቱን ጫን አድርገሽ ነው፤ ለስለስ ካለ ከውስጥ ጀምሯል።»

በዚያን ጊዜ እትዬ ታስተምረኝ ከጀመረች ጥቂት ወር ቢሆናት ነው። አዲስ አበባ ስመጣ የተቀመጥኩት ለቡ ከምትኖረው አክስቴ ቤት ነበር። ባለቤቷ ሥራ ተዛውሮ ሐዋሳ ሲሄዱ እኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለች አንዲት ክፍል ገባሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ሁለት የኮሌጃችን ልጆች ናቸው። አንደኛዋ ከወራቤ የመጣች ሙስሊም፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በሻርፕዋ የምትሸፍን። ሁለተኛዋ ከሆሳዕና የመጣች ጴንጤ፣ ኳየር የምትዘምር፣ ዝም ማለት የማትችል። እኔ ደግሞ ደብተሬ ላይ ሳይቀር መስቀል ሳልሥል የማልጽፍ።

ሦስታችንም ከቤታችን የወጣነው «ጎበዝ ተማሪ» ተብለን ነው። ጎበዝ ተማሪ የሆነች ልጅ ደግሞ ማድ ቤት አትገባም። እናቴና ታላቅ እህቴ ሲያቁላሉ እኔ ጓዳ ውስጥ ሳነብ ነው ያደግኩት። ገብስ መቁላት ብቻ እችል ነበር። ስለዚህ አክስቴ ከሄደች በኋላ እራቴ ዳቦ በሻይ ነበር፤ ሲሻሻል ፓስታ በበርበሬ። ይህን ለራሴ ጾም ነው እለው ነበር። ንስሐ አባቴ አንድ ቀን ምን እንደምበላ ጠይቀውኝ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ይሄ አለማወቅ ነው፤ ጾም አትበይው» አሉኝ። አፈርኩ። በማግስቱ እትዬ ዘንድ ሄጄ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅኳት። ሳቀች፤ ከዚያ አስተማረችኝ።

የመጀመሪያው ትምህርት ሽንኩርት ያለ ዘይት እንደሚቁላላ ነው። ድስቱን ከድነሽ፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረግሽ፤ ዘይቱ መጨረሻ ላይ ሲገባ ትንሹ ይበቃል። ሁለተኛው፣ ወደ ማታ የሚለሰልሰው ቲማቲም ርካሽ ብቻ ሳይሆን ለስልስ የተሻለ መሆኑ። ሦስተኛው፣ ድንች የማይገባበት ወጥ አለመኖሩ። ሁሉንም ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፍ ነበር። ግን እኔ ጠያቂ ነኝ፤ ላቦራቶሪ የምማር ሰው «እንዲህ አድርጊ» ብቻ አይበቃኝም። ቁሌቱ ሲበስል ዘይቱ ለምን ተመልሶ ብቅ ይላል? ሽሮ ለምን መጀመሪያ ሲንፈቀፈቅ ይረጫል፣ ኋላ ላይ ግን ይረጋጋል? እትዬ ግማሹን ትመልሳለች፤ ግማሹን «ይሄንንስ ኮሌጅሽን ጠይቂ» ትለኛለች።

ከሁሉም የገረመኝ የጨው ነገር ነው። ምስር ወጥ ላይ ጨው ቀድሞ መግባት የለበትም አለች። ለምን ስላት፣ «ያኮርፋል» አለች። «ምስር ጨው ቀድሞ ካገኘው ያኮርፋል፤ ቢፈላ ቢፈላ አይለሰልስም።» አላመንኳትምና ሞከርኩት። እውነትም አኮረፈ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈልቶ ጥርስ ላይ የሚንከባለል ምስር በላን። የሆሳዕናዋ ልጅ፣ «ሳይንስ እንዲህ የሚያስርብ ከሆነ ይቅርብኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ጨው የመጨረሻ፣ ምስሩ ከለሰለሰ በኋላ፣ ሆነ።

ይህ ሁሉ ደህና ነበር፤ ዓቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ እስኪገቡ ድረስ።

በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ተደራረቡ። እኔ ከቅበላ ማግስት ጀመርኩ፤ የወራቤዋ ልጅ ጨረቃ ታየች ተብሎ ጀመረች። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ መብላት እችል ነበር። ግን እሷ ደርቃ ቁጭ ብላ እኔ ፊቷ መብላት አላስቻለኝም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው፣ «ብትችይ መልካም ነው፤ ካልቻልሽ ግን አትኩሪ» አሉኝና እስከ አዛን አብሬያት ልቆይ ለራሴ ቃል ገባሁ። ለእሷ ያልኳት ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን ገባትና፣ «አንቺ፣ ተይ እንጂ» አለችኝ። አልተውኩም። እሷም በድጋሚ አልጠየቀችኝም፤ ብቻ ቴምር ስታወጣ ሁለት ማውጣት ጀመረች።

ስለዚህ ለሦስታችንም የሚሆን አንድ ድስት ሆነ፤ ሥጋም ቅቤም የሌለበት። የሆሳዕናዋ ልጅ፣ «የእናንተ ጾም እኔን አከሳኝ» እያለች አብራን በላች። ችግሩ ሌላ ነበር። የምናበስለው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ የምንበላው አዛን ሲል። ጨውን ማን ይቅመስ? እኔ ለራሴ የገባሁትን ቃል በአንድ ማንኪያ ወጥ አላፈርስም። የወራቤዋ ልጅ ደግሞ አክስቷ በምላሷ ጫፍ ነክታ እንደምትተፋ፣ እንዲህ ማድረግ እንደሚፈቀድም ነገረችኝ፤ «እኔ ግን ጠብ ብሎ ቢወርድብኝስ?» አለች። ከእኔ የባሰች ጠንቃቃ ናት።

የመጀመሪያውን ቀን ጨው የሌለው ወጥ በላን። ሁለተኛውን ቀን ግማሽ ጨው። በሦስተኛው የሆሳዕናዋን ልጅ ቀማሽ አድርገን ሾምናት። ከኳየር ልምምድ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ማንኪያ እንሰጣታለን። እንደ ዳኛ ዓይኗን ጨፍና ትቀምስና ትፈርዳለች። «ንጉሥ ቤት ብሆን ለዚህ ሥራ በቅሎ ይሰጠኝ ነበር» ትላለች። ግን ሁልጊዜ አትደርስም፤ የጀሞ ታክሲ ሰልፍ የታወቀ ነው። ስለዚህ ያለ ቀማሽ መኖርንም መማር ነበረብን።

መለኪያ አበጀን። የሳል ሽሮፕ ክዳን አጥበን ለአንድ ድስት አንድ ክዳን ጨው አልን። እንዳይደገም ደግሞ ሕግ አወጣን፦ ጨው ያስገባ ሰው የጨው ማንኪያውን ከማስቀመጫው አውጥቶ የጨው ዕቃው ክዳን ላይ ያጋድማል። ማንኪያው ከተጋደመ ጨው ገብቷል። ካልተጋደመ አልገባም። ቀላል ነው። አንድም ቀን አልሳትንም።

እኔ ግን ያለ መለኪያም ማወቅ ይቻል እንደሆነ አሳሰበኝ። ጨው ሽታ አለው? ሁለት ስኒ ውስጥ ወጥ አድርጌ፣ አንዱን ጨው ጨምሬበት፣ የወራቤዋን ልጅ አዟዙሪልኝ እያልኩ ዓይኔን ጨፍኜ አሸተትኩ። አንዳንዴ አገኘሁት፣ አንዳንዴ ሳትኩት። እትዬን ስጠይቃት፣ «በአፍንጫ አይደለም፤ በጆሮ ነው» አለችኝ። «ጨው የገባበት ወጥ ድምፁ ይወፍራል። ጨው ያልገባለት ችር ችር ይላል፤ የገባለት ጡፍ ጡፍ።» ቤት ገብቼ ጆሮዬን ድስቱ ላይ አዘንብዬ ስሰማ የሆሳዕናዋ ልጅ በር ከፍታ ገባች። ለጥቂት ጊዜ አየችኝና፣ «ደህና ነው ወይ ምስሩ? ሰላም በይልኝ» ብላ አልፋ ሄደች። ያም ሆኖ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልዩነቱ የሚሰማኝ መሰለኝ። ዛሬም ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

እናቴ የደወለችው እዚህ ላይ ደርሰን ሳለ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጀን። ሐሙስ ለሚሆነው ምስር ወጥ ሰኞም ማክሰኞም ምስር ወጥ ሠራሁ። ቀማሻችን ሁለቱንም አጸደቀች። የሐሙስ ዕለት አባቴን ቃሊቲ መናኸሪያ ማን ይቀበለው የሚለው መጣ። እኔ ማብሰል አለብኝ። የወራቤዋ ልጅ ከሰዓት ፈተና አለባት። የሆሳዕናዋ ልጅ፣ «እኔ ነኛ ያልጾምኩት፤ እኔ ነኝ ጉልበት ያለኝ» ብላ ተነሳች። የአባቴን ፎቶ በስልኳ ላክሁላትና ሄደች። ቀማሻችንን አብሬ እንደላክኋት ያን ጊዜ ልብ አላልኩም።

ምስሩ ደህና በሰለ። ለስልሶ፣ ዘይቱ ብቅ ብሎ፣ ቀለሙ እናቴ ቤት እንደማውቀው ሆነ። አንድ ክዳን ጨው አስገባሁ። ማንኪያውን በሕጋችን መሠረት አጋደምኩ። ከዚያ ክፍሉን ዞር ብዬ አየሁት። አባቴ ሊገባ ነው። እናቴ ቤት ማንኪያ ሜዳ ላይ ተጋድሞ አያድርም፤ እንዲህ ያለ ነገር ያየ እንግዳ ቤቱን ምን ይለዋል? መደርደሪያውን ወለወልኩ፣ የጨው ዕቃውን ጠረግኩ፣ ማንኪያውን አንስቼ ቦታው መለስኩ። ከዚያ እጄን ታጥቤ፣ ነጠላዬን ለብሼ በረንዳው ላይ የማታ ጸሎቴን ላደርስ ወጣሁ።

የወራቤዋ ልጅ ከፈተና የገባችው እኔ በረንዳ ላይ ሳለሁ ነው። ድስቱን ከፍታ አየች፤ ምስሩ ለስልሷል። ማንኪያውን አየች፤ ቦታው ላይ ነው። እኔን ከጸሎት ማቋረጥ አልፈለገችም። አንድ ክዳን አስገባች። ቤቱ ተወልውሎ ስላየች እሷም ማንኪያውን ቦታው መለሰች።

እኔ ጸሎቴን ጨርሼ ተመለስኩ። ማንኪያው ቦታው ላይ ነው። ማስገባቴን አስታውሳለሁ። ግን ጠንቃቃ ሰው በሩን ቆልፎ ደረጃ ከወረደ በኋላ ተመልሶ እንደሚነካካው፣ ተጠራጠርኩ። አስገብቼ ነው? ወይስ ላስገባ አስቤ ነው? የትላንቱን ይሆን የማስታውሰው? ጆሮዬን አዘነበልኩ። ድምፁ የቀጠነ መሰለኝ። አባቴ አልጫ ወጥ በልቶ እንዳይሄድ ፈርቼ ሦስተኛውን ክዳን አስገባሁ።

አባቴ ሲገባ የሆሳዕናዋ ልጅ ቦርሳውን ተሸክማ እያወራችለት ነው። ከቃሊቲ እስከ ጀሞ ያለውን መንገድ ሁሉ ያወራችለት ይመስላል። አገላብጦ ሳመኝ፤ ትከሻዬን ይዞም ራቅ አድርጎ አየኝ። እንደ ደንበኛ ለካኝ። ቦርሳውን ከፍቶ እናቴ የላከችውን በሶ በከረጢት አወጣ። ከበሶው ሥር አንድ የታጠፈ ነገር ነበር፤ ባለ መስመር ትልቅ የጉዞ ቦርሳ። ባዶ ነበር። አልጋዬ ግርጌ፣ መሬት ላይ አስቀመጠው። የማን ልብስ ሊይዝ እንደመጣ የጠየቀ የለም፤ ሦስታችንም አውቀናል።

አዛን አለ። የወራቤዋ ልጅ ቴምሯን ቀመሰችና ለአባቴም ሰጠችው፤ በሁለት እጁ ተቀበላት። አባቴ ቆሞ አባታችን ሆይን አደረሰ። የሆሳዕናዋ ልጅ ዓይኗን ጨፍና በዝግታ የራሷን ጸለየች። ያቺ ክፍል እንዲያ ጸጥ ብላ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ተቀመጥን፤ አባቴ ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ ጎረሰ።

አኘከ። ዋጠ። ውሃውን ፈለገ፣ ጠጣ። ከዚያ፣ ሁለተኛ ጎረሰ። እኔን የጎዳኝ ያ ሁለተኛው ጉርሻ ነው። የሆሳዕናዋ ልጅ ቀመሰችና ለመፍረድ አፏን ከፈተች፤ እኔን አየችኝ፣ መልሳ ዘጋችው። እኔ ምላሴ ላይ ያረፈውን ለመግለጽ ቃል የለኝም። ወጥ ሳይሆን አሞሌ ጨው ነበር።

«እንጀራ የሚያንሰን ይመስለኛል» ብዬ ተነሳሁ። እንጀራ ሞልቶ ነበር። ሁሉም አይቷል። ማንም ግን ቁጭ በይ አላለኝም።

ደረጃውን ወረድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካኖች ተደርድረው ነበር፤ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬም ጨው ነው ብዬ አሰብኩና ለራሴ ተናደድኩ። እመቤቴን ለመንኳት፤ እንዲህ ብዬ፦ ሥራው የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው፤ ግን በአንድ ድስት አይፍረዱብኝ። ከዚያ ያ ባለ መስመሩ ቦርሳ ውስጥ ምን እንደሚገባ ማሰብ ጀመርኩ። ጋውኔ። ደብተሮቼ። ጀርባቸው ላይ የእትዬ ትምህርት የተጻፈባቸው ደብተሮች፤ ጎባ ላይ ማን ያነባቸዋል? ትንሽ ቆይቼ ፊቴን በነጠላዬ ጠርጌ ሱቅ ሄድኩ፤ ለውሸቴ ምስክር የሚሆን ሁለት እንጀራ ገዛሁ።

ስመለስ አራተኛ ፎቅ ሳልደርስ ሳቅ ሰማሁ። የሆሳዕናዋን ልጅ ሳቅ ሕንፃው በሙሉ ያውቀዋል። የወራቤዋ ልጅ ግን በሻርፕዋ ያልተሸፈነ ሳቅ እየሳቀች ነበር። ሦስተኛውን ሳቅ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። አባቴ ነው።

በሩን ስከፍት ኮቱ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። እጅጌውን ጠቅልሎ ምድጃው ፊት ቆሟል። ምስሩ ከትንሹ ድስት ወጥቶ የልብስ ውሃ በምናፈላበት ትልቁ ብረት ድስት ውስጥ ገብቷል። የሆሳዕናዋ ልጅ ድንች ትልጣለች፤ የወራቤዋ ልጅ ውሃ በጆግ ይዛ ትጠብቃለች፤ አባቴ እናቴ ከላከችው ከረጢት በሶ በጣቱ እየቆነጠረ ይነሰንሳል፣ በማማሰያ ያማስላል። እናቴ ቤት ማድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ እንኳ የማያውቀው አባቴ።

ዞር ሳይል፣ «ጨው የበዛበት ወጥ አይደፋም» አለ። «ይበዛል እንጂ።»

እንጀራውን እንደያዝኩ ቆምኩ። «አባዬ፣ አንተ ወጥ መሥራት የት ተማርክ?»

«እነሱን ጠይቂያቸው፤ ነግሬያቸዋለሁ። ሁለቴ አላወራም፤ ምስሩ ያርርብኛል።»

ሁለቱን አየኋቸው። የወራቤዋ ልጅ ወደ ጆጉ አጎነበሰች። የሆሳዕናዋ ልጅ፣ ያቺ ምሥጢር አንድ ቀን የማታሳድር፣ «አደራ ብለውናል» አለችኝ። ዝም ስትል ሳያት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ድንቹ ሲበስል እንደገና ተቀመጥን። ወጡ የእናቴን አይመስልም፤ የእትዬንም አይመስልም። ወፈር ያለ፣ ገብስ ገብስ የሚሸት፣ ደስ የሚል ነገር ነበር። አባቴ ሳህኑን አጽድቶ ሲጨርስ የወራቤዋ ልጅ፣ ያቺ ዝምተኛ፣ ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ጨው ልጨምርልዎ?» አለችው። እሱ ሳይስቅ፣ «አንቺ አትንኪው፤ ባለ ሦስት ክዳኖች ናችሁ» አለ። እሷ የራሷን አንድ ክዳን እኔ በሌለሁበት ተናዝዛለች፤ የእኔን ሁለቱን ድንቹ ሲበስል ራሴ ተናዝዤ ነበር። ይሄኔ እኔም ሳቅኩ፤ ግን ዓይኔ ከዚያ ከታጠፈው ቦርሳ ላይ አልተነሳም። እሱ ስለ መመለስና ስለ መቅረት አንድም ቃል አላነሳም።

አባቴ ያደረው ፉሪ ከሚኖር የአገራችን ሰው ዘንድ ነው። ሲወጣ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ባዶውን። ሁለቱ ልጆች ምን ማለት ነው ብለው አዩኝ፤ እኔም አላወቅኩም።

ጠዋት ከኪዳን ጸሎት ስመለስ እኛ ሕንፃ ሥር ቆሞ አገኘሁት። ያ ባለ መስመሩ ቦርሳ እግሩ ሥር ነው፤ ሞልቶ ሊፈነዳ ደርሷል። ሽንኩርት ነበር። አራተኛ ፎቅ ድረስ ራሱ ተሸከመው፤ እኔ ልያዝ ብለውም አልሰጠኝም። ከበሩ ኋላ አቆመውና አቧራውን ከእጁ አራገፈ።

«ይሄን ቦርሳ መልሼ አልወስደውም» አለ። «ሽንኩርት ይያዝበት። ለፋሲካ እንጠብቅሻለን፤ ከዚያ ወደዚህ ትመለሻለሽ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ከበሶው የተረፈውን ለወራቤዋ ልጅ ሰጣት፤ ሌሊት ለስሑር ይሆንሻል አላት። ለሆሳዕናዋ ልጅ፣ «ከእንግዲህ ቀማሽ ከቤት አይወጣም» አላት። ከዚያ ሄደ።

ያን ቀን ከሰዓት እትዬ ዘንድ ስሄድ ሥራዋን ትታ ጠበቀችኝ። «አባትሽ ምን ነበር የሚሠሩት ያልሽኝ? ልብስ ሰፊ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ጠዋት የአንቺ አባት ነኝ ብለው መጥተው፣ አንድ በአንድ አናቱን እየተጫኑ ነው የመረጡት። አንድም የበቀለ አላነሱም። ይሄ የልብስ ሰፊ እጅ አይደለም፣ ልጄ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄ አብሮኝ ይኖራል። አባቴ እናቴን ከማግባቱ በፊት «ጥቂት ጊዜ አዲስ አበባ ተቀምጬ ነበር» ይላል። ምን ይሠራ እንደነበር፣ ከማን ጋር ይኖር እንደነበር፣ ለምን እንደተመለሰ አንድም ልጁ አያውቅም። ተማሪ ነበር? ሰው ቤት ተቀጥሮ ነበር? እሱም ልብሱን ሸክፎ የወሰደው ሰው ነበር? እናቴም አታውቅም፤ አልያም አታወራም። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሥራ ይዤ፣ እዚሁ ጀሞ ቀረሁ። ዛሬም ምስር ወጥ ስሠራ መጨረሻ ላይ በሶ ቆንጥሬ እነሰንሳለሁ፤ የበሉት ሁሉ ምን እንዳደረግኩበት ይጠይቁኛል። ከአባቴ ነው ስላቸው ቀልድ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ገና አገሬ ሄጄ ነበር። አባቴ ዕድሜው ገፍቷል፤ መርፌ ላይ ክር የምታገባለት የእህቴ ልጅ ናት። አንድ ማታ ብቻችንን ስንሆን ያን ነገር አነሳሁበት። «ምን ብዬ እንደነገርኳቸው ረስቼዋለሁ» አለኝ። «የሳቁትን ግን አስታውሳለሁ። ጠይቂያቸው። አደራውን አንስቻለሁ በያቸው።»

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሁለታችሁ ነው። አንቺ ወራቤ የገባሽው፣ አንቺም ሐዋሳ የምትዘምሪው፤ በየዓመቱ በዓል ሲሆን እንኳን አደረሰሽ ትሉኛላችሁ፣ እኔም እላችኋለሁ፤ ይህን ግን ጠይቄያችሁ አላውቅም፤ አደራ ነውና። እኔ እንጀራ ልገዛ ወርጄ እስክመለስ ባለው፣ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ በጠፋሁበት ጊዜ፣ እናንተ እዚያ ነበራችሁ። መጀመሪያ ማን ተናገረ? ኮቱን ሲያወልቅ ምን አለ? ማማሰያውን ከማን እጅ ተቀበለ? ያሳቃችሁ ምን ነበር? አንድ ቃል እንኳ ብትሆን፣ የማይረባ ብትመስላችሁም፣ ሳትመርጡ ላኩልኝ። አባታችሁ አደራውን አንስቷል፤ እባካችሁ፣ እሱ ሳለ ንገሩኝ።